ቴምርና ሰሊጥ የተሞላ የጾም ኩኪስ በቤት ውስጥ አጋገር

በጾም ቀን ባሕር ዳር ላይ ቡና ሲፈላ ከስኒው ጎን የሚቀርበው የቡና ቁርስ አብዛኛውን ጊዜ ቆሎ፣ ፈንድሻ ወይም ዳቦ ነው። ከኬክ ቤት የሚገዛው ኩኪስ ብዙ ጊዜ ቅቤ፣ እንቁላል ወይም የወተት ዱቄት ስለሚገባበት፣ ረቡዕንና ዓርብን፣ 55 ቀናት የሚዘልቀውን ዐቢይ ጾምን፣ ነሐሴ 1 ቀን የሚገባውን ፍልሰታን የሚጾም ቤተሰብ ሊገዛው አይችልም። ከሃይማኖት ውጭ በሆነ ምክንያት ከእንስሳት የሚገኝ ምግብን የተዉ ሰዎችም ያው ችግር አለባቸው። ሆኖም ውስጡ የተሞላ ጥሩ ኩኪስ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ይጋገራል፤ የሚያስፈልገውም ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳርና ቴምር ብቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ይህን ኩኪስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከርሁት በፍልሰታ ዋዜማ ነበር። ሊጡን እንደ ድፎ ዳቦ ሊጥ ለሩብ ሰዓት ያህል አሸሁት፤ የቴምሩንም መሙያ ከእሳት እንዳወረድሁት ሳላቀዘቅዝ አስገባሁት። ሲወጣ ቅርፊቱ ደንጊያ ሆኖ፣ ቴምሩ በየስንጥቁ ፈስሶና ትሪው ላይ ከስሎ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ስጋግር የተረዳሁት፣ የዚህ ኩኪስ ነገር ሁሉ በሁለት ጉዳዮች ላይ እንደሚያርፍ ነው። አንደኛው መሙያው በሚገባ ወፍሮ የቀዘቀዘ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ዳቦ ማሸት የለመደው እጃችን በዚህ ሊጥ ላይ ብርታቱን እንዲቀንስ ማድረግ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ሁሉ እነዚህን ሁለቱን ለመጠበቅ የተጻፈ ነው።

ግብዓትና ልክ

ለ24 ኩኪስ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 90 ግራም የተፈጨ ስኳር፣ 100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ዘይት፣ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሔል ያስፈልጋል። ለመሙያው ደግሞ ፍሬው የወጣለት 250 ግራም ቴምር፣ 60 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ ይዘጋጃል። ሚዛን በቤቱ የሌለው ሰው አንድ ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ይምረጥና የሊጡን ግብዓት ሁሉ በዚያው ብርጭቆ ይለካ፤ ዘይቱ አንድ ብርጭቆ ከሆነ ዱቄቱ አምስት ብርጭቆ ተኩል፣ የተፈጨው ስኳር ሁለት ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ውሃው ደግሞ ግማሽ ይሆናል። ዱቄቱ በብርጭቆው ውስጥ ሳይጠቀጠቅ በማንኪያ እየተጨመረ መለካት አለበት፤ የተጠቀጠቀ ዱቄት ሳይታወቅ ከልኩ በላይ ገብቶ ሊጡን ያደርቀዋል።

ዱቄቱ የፉርኖ ዱቄት ይሁን የምለው፣ ወፍጮ ቤት የተፈጨ ስንዴ ከነፉርሽካው በመሆኑ ውሃ በብዛት ስለሚጠጣና ቅርፊቱን ሻካራ ስለሚያደርገው ነው። የቤት ስንዴ ብቻ ካለዎት በደቃቅ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይንፉትና ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይጨምሩለት። በጎጃም ዳጉሳ በብዛት ስለሚገኝ፣ ከ300 ግራሙ ላይ 60 ግራሙን በዳጉሳ ዱቄት መተካት ይቻላል። ዳጉሳ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ባሕርይ ስለሌለው ኩኪሱን ይበልጥ ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ቀለሙንም ወደ ጠይምነት ይወስደዋል። እኔ በግሌ ለቴምር መሙያ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ስኳሩ የግድ መፈጨት አለበት። በዚህ ሊጥ ውስጥ የሚገባው ውሃ ጥቂት በመሆኑ ሻካራ ስኳር አይሟሟም፤ ሳይሟሟ የቀረው ደግሞ በእሳት ጊዜ ቀልጦ ቅርፊቱን ያነጥበዋል፣ አልፎ አልፎም ይበሳዋል። በደንብ የተጠረገ የቡና መፍጫ ወይም ሙቀጫና ዘነዘና ይበቃል።

ስለ ዘይቱ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በተለመደው ኩኪስ ውስጥ ቅቤ የሚሠራው ዋና ሥራ የዱቄቱን ቅንጣቶች መሸፈንና ውሃ በቶሎ እንዳይደርስባቸው ማድረግ ነው። የስንዴ ዱቄት ውሃ ሲያገኝና ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ የሚለጠጥ ድር ይፈጥራል፤ ዳቦን ከፍ የሚያደርገው ይህ ድር ኩኪስን ግን ያጠነክረዋል። ዘይትም ይህንኑ ሽፋን ይሰጣል፤ ስለዚህ ዘይቱ ከውሃው ቀድሞ ወደ ዱቄቱ መግባት ይኖርበታል። የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ጣዕሙ ለስላሳ ስለሆነ ለጀማሪ ይሻላል። የኑግ ዘይት የራሱ የሆነ ጠንካራ ጣዕም አለው፤ ሩቡን የኑግ፣ ቀሪውን የሱፍ አድርጎ ማዋሐድ ከሰሊጡ ጋር እጅግ ይስማማል። የሚረጋው ዘይት በማለዳ ጠጣር ሆኖ በቀትር የሚላላ ስለሆነ፣ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ለሚጋግር ሰው እንደ ቅቤ ተፈርፍሮ ሊገባ ይችላል፤ ኩኪሱም ይበልጥ ይፈረፈራል። ማርጋሪን የሚጠቀም ሰው ግን በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳያነብ አይግዛ፤ አንዳንዱ የወተት ተዋጽኦ አለበትና።

እንቁላል የሚሠራው ማያያዝና ቀለም መስጠት ነው። ማያያዙን ጥቂቱ ውሃና የሊጡ ዕረፍት ይተኩታል። ቀለሙ ግን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ የእንቁላልና የወተት ፕሮቲን በሌለበት ኩኪሱ ከላይ ገርጣ ብሎ ይቀራል፤ ይህንም ስንጋግር እንመለስበታለን።

ቤኪንግ ፓውደሩ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከዝቅተኛ ቦታዎች ያንሳል፤ በሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝም በዚያው መጠን ይበልጥ ይነፋል። በባሕር ጠረፍ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ ልክ እንዳለ ከተወሰደ ኩኪሱ ፈጥኖ ያብጥና ስፌቱ ላይ ይተረተራል።

መሙያው

ሁልጊዜ ከመሙያው ይጀምሩ፤ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ስለሚፈልግ ሊጡን ቀድሞ ያቦካ ሰው ትኩስ መሙያ ለማስገባት ይገደዳል።

በመጀመሪያ ሰሊጡን ያዘጋጁ። ለከተማዋ የሚቀርበው ሰሊጥ በብዛት ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚመጣ ሲሆን፣ በቅዳሜ ገበያ በጆንያ ተከፍቶ ይሸጣል። አንድ ቀን «እናቴ፣ የዘንድሮ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ሻጯ «ዝገኝና አሽቺው፤ የከረመ ሰሊጥ ራሱ ይናገራል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ በመዳፍ መካከል ታሽቶ ሲሸተት አዲሱ ሰሊጥ የለውዝ የመሰለ ደስ የሚል ሽታ አለው፣ የከረመው ግን እንደ ቆየ ዘይት ይሰነፍጣል። ከገበያ የመጣ ሰሊጥ አሸዋ አያጣውም። በሰፊ ሳህን ውሃ ውስጥ ጨምረው በእጅዎ ቀስ ብለው ያናውጡት፤ ሰሊጡ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ አሸዋው ይዘቅጣል፤ ከላይ ያለውን በወንፊት እየቀዱ ያውጡና በንጹሕ ጨርቅ ላይ ያድርቁት። ከዚያም በደረቅ መጥበሻ፣ በለዘብታ እሳት፣ እያማሰሉ ይቁሉት። መፈናጠር ሲጀምርና ቀለሙ ገና ወደ ወርቃማነት ሲያደላ ወዲያው ወደ ሰሃን ይገልብጡት፤ መጥበሻው ላይ ከተተወ ከእሳት ከወረደም በኋላ ማረሩን ይቀጥላል፤ ያረረ ሰሊጥም ይመራል።

ቴምር በረመዳን ሰሞን በገበያ ይበዛል። በ2017 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሳምንት ባልሞላ ልዩነት በመግባታቸው፣ በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሙስሊምና ክርስቲያን ጎረቤታሞች ቴምሩን በአንድነት እየገዙ የተካፈሉበት ጊዜ ነበር። ሲገዙ ለስለስ ያለውን ይምረጡ። ፍሬውን ሲያወጡ እያንዳንዱን ቴምር በቢላዋ ሰንጥቀው ውስጡን ይመልከቱ፤ ከውጭ ደህና የመሰለ ቴምር ውስጡ ነፍሳት ሊኖሩበት ይችላሉና ጅምላውን መፍጨት አይገባም።

ቴምሩን በደቃቁ ከትፈው ከ60 ሚሊ ሊትሩ ውሃና ከሎሚው ጭማቂ ጋር በትንሽ ድስት ይጣዱት። ሎሚው የቴምሩን ከባድ ጣፋጭነት ያቀልለዋል፤ ቡናና ጌሾዋ በሚታወቀው በዘጌ ሎሚም ስለሚበቅል፣ ከዚያ በጀልባ የመጣውን ሳገኝ እርሱን እመርጣለሁ፤ ትንሽ ቢሆንም ጭማቂውና ሽታው ብዙ ነው። እሳቱ ዝቅተኛ ይሁን። ከ8 እስከ 10 ደቂቃ በእንጨት ማንኪያ እየደፈጠጡ ሲያማስሉት ቴምሩ ይፈርስና ወፍራም ገንፎ ይመስላል። መድረሱ የሚታወቀው ማንኪያውን በድስቱ ወለል ላይ ሲጎትቱት በሚተወው መንገድ ነው፤ መንገዱ ወዲያው ከተዘጋ ገና ነው፤ የድስቱ ወለል እየታየ ሦስት እስኪቆጠር ድረስ ሳይዘጋ ከቆየ ደርሷል። ከእሳት አውርደው ቀረፋውንና የተቆላውን ሰሊጥ ይጨምሩ፤ በሰፊ ሳህን ላይ ስስ አድርገው ዘርግተው ለ40 ደቂቃ ያህል ያቀዝቅዙት። ሲቀዘቅዝ መዳፍዎን ዘይት አስነክተው 24 እኩል ድቡልቡሎች ያድርጉት፤ እያንዳንዱ 12 ግራም ያህል ይመዝናል። ድቡልቡሉ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ቅርጹን ይዞ ከቆመ መልካም ነው፤ ወደ ጎን ከተንጣለለ ወደ ድስቱ መልሱት፣ ሁለት ደቂቃ ይጨመርለት።

ማንጎ በሚበዛበት ወቅት የማንጎ ማርማላታ መሥራትም ይቻላል። ተልጦ የተከተፈ 600 ግራም ማንጎ ከ100 ግራም ስኳርና ከአንድ ሎሚ ጭማቂ ጋር በሰፊ ድስት ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበስላል። እዚህ ላይ ከመጽሐፍ የሚሠሩ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ መጽሐፎቹ ማርማላታ ከ104 እስከ 105 ዲግሪ ሲደርስ ይወርዳል ይላሉ። ባሕር ዳር ላይ ግን ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ያው ልክ እዚህ ከ98 እስከ 99 ዲግሪ ይሆናል፤ 105 እስኪደርስ የሚጠብቅ ሰው ማርማላታውን ወደ ከረሜላ ይለውጠዋል። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው ጥቂቱን በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ፣ ሲቀዘቅዝ በጣቱ ይግፋው፤ ፊቱ ከተጨማደደ ደርሷል።

ለውዝ የሚወድ ሰው የተቆላና በሻካራው የተወቀጠ ለውዝ ከቴምሩ ጋር እኩል ሊያደባልቅ ይችላል። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ የለውዝ ፍሬ ግን አንድ በአንድ ተለቅሞ መጣል አለበት፤ በእንዲህ ያለ ለውዝ ላይ ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመቁላትም ሆነ በመጋገር አይጠፋም። ማር በጾም የሚበላ ቢሆንም፣ ከእንስሳት የተገኘ ነገር ፈጽሞ የማይቀምስ እንግዳ ካለ በዚህ መሙያ ውስጥ አይግባ፤ የቴምሩ ጣፋጭነት ብቻውን ይበቃል።

ሊጡ

ዱቄቱን፣ የተፈጨውን ስኳር፣ ቤኪንግ ፓውደሩን፣ ጨውንና ሔሉን በአንድ ላይ በወንፊት ወደ ሰፊ ሳህን ይንፉ። ዘይቱን በመሐሉ አፍስሰው በጣትዎ ጫፍ ብቻ፣ መዳፍ ሳያስነኩ፣ እያነሱ በመፈርፈር ያዋሕዱት። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ በቂ ነው። ትክክለኛው መልክ በሶ ለጭብጦ ሲለወስ ያለው መልክ ነው፤ እፍኝ አንሥተው ቢጨብጡት የጣትዎን ቅርጽ ይዞ ይቀራል፤ በአውራ ጣት ጫን ቢሉት ደግሞ ይፈረካከሳል። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ የሚቦን ከሆነ ዘይቱ በሚገባ አልደረሰም፤ ገና ይፈርፈር።

ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛውን ውሃ በማንኪያ እየረጩ በሹካ ያዋሕዱ። መጀመሪያ 50 ሚሊ ሊትሩን ብቻ ይጠቀሙ፤ ቀሪው የሚጨመረው ሊጡ አልሰበሰብ ካለ ነው። ዱቄቱ በየቦታው መጎጎል ሲጀምር በሁለት እጅዎ ከዳር ወደ መሐል ገፍተው አንድ ላይ ይሰብስቡት። እዚህ ላይ እጅዎን ያቁሙ። ሊጡ ለስልሶ አይታይም፤ ፊቱ ሸካራ፣ ጥቂት የተሰነጣጠቀ ይሆናል፤ እጅም «ገና ነው፣ እሺው» ይላል። አይታሽ። የተሰበሰበውን ሊጥ ጠፍጠፍ አድርገው በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ለ30 ደቂቃ በጥላ ያሳርፉት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዱቄቱ ውሃውን ጠጥቶ ስንጥቁ በራሱ ይጠፋል፤ የተወጠረውም ይላላል። በሚያዝያ ወበቅ የሚጋግር ሰው ማቀዝቀዣ ካለው ሊጡን ለ15 ደቂቃ እዚያ ቢያቆየው ዘይቱ እንዳይንጠፈጠፍ ይረዳዋል።

ቅርጽ ማውጣት

ሊጡን በ24 ይክፈሉት፤ አንዱ 22 ግራም ያህል ሆኖ ከአነስተኛ ሎሚ ጥቂት ያንሳል። አንዱን ወስደው አድቦልቡለው በአውራ ጣትዎ መሐሉን ተጭነው ትንሽ ስኒ እንዲመስል ያድርጉት። ዳሩን ከወለሉ ይልቅ ማሳሳት ይገባል፤ ሲዘጋ ዳሩ ተሰብስቦ ስለሚደራረብ ያለዚያ በአንድ ወገን ሊጥ ይከማቻል። አንዱን የቴምር ድቡልቡል አስገብተው ዳሩን ዙሪያውን እያጠፉ ወደ አፉ ይሰብስቡት፤ አየር እንዳይቀርም መሙያውን ወደ ታች ጫን ያድርጉ። በሊጡ ዳር ላይ ዘይት ወይም ቴምር ከነካው አይገጣጠምም፤ ስለዚህ ቴምር የነካውን ጣት በጨርቅ ሳይጠርጉ ስፌቱን አይንኩ። ስፌቱ አልያዝ ካለ ጣትዎን በውሃ አርጥበው ያሹት።

የተሞላውን ስፌቱን ወደ ታች አድርገው በመዳፍዎ በቀስታ ጠፍጠፍ ያድርጉት፤ ውፍረቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያም በሹካ ጫፍ ፊቱን አንድ ሁለት ጊዜ እስከ መሙያው ድረስ ይብሱት። ይህ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በእሳት ውስጥ ከመሙያው የሚወጣው እንፋሎት መውጫ ካላገኘ ስፌቱን ቀዶ ይወጣል።

24 ጊዜ መሙላት የሚያታክተው ሰው ሊጡን በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መካከል በመዳመጫ ወይም በንጹሕ ጠርሙስ አራት ማዕዘን አድርጎ ይዳምጠው፤ መሙያውን በአንድ ጠርዝ ላይ እንደ ገመድ ዘርግቶ ጠቅልሎ፣ በስለታም ቢላዋ ሦስት ሦስት ሴንቲ ሜትር እያደረገ ይቁረጠው። ከልጆች ጋር የሚጋገር ከሆነ ይሄኛው ይቀላል። ጣዕሙ አንድ ነው፤ ቴምሩ በጎን ስለሚታይ ግን ዳሩ ትንሽ ይደርቃል።

መጋገር

ኦቨኑን አስቀድመው በ180 ዲግሪ ያሙቁ። የኦቨኑ ቁጥር የጠፋበት ወይም የማይታመን ከሆነ አንድ ማንኪያ ዱቄት በትሪ ላይ በትነው ያስገቡ፤ በ5 ደቂቃ ገደማ ወርቃማ ቡናማ ቀለም ካወጣ ሙቀቱ ልክ ነው፤ ወዲያው ከጠቆረ ይቀንሱት። ኩኪሶቹን በመጋገሪያ ወረቀት ላይ ወይም በስሱ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ሁለት ጣት ያህል እያራራቁ ይደርድሩ። ለቀለሙ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ አሟሙተው በጣትዎ ወይም በብሩሽ ፊታቸውን ይቀቧቸው፤ የተረፈ ሰሊጥ ካለም ይበትኑበት።

በመሐለኛው መደብ ላይ ከ16 እስከ 18 ደቂቃ ይጋገራሉ። መድረሳቸውን ከላይ አይዩት። አንዱን በማንኪያ አንሥተው ታቹን ይመልከቱ፤ ታቹ እንደ ተቆላ ስንዴ ወርቃማ ሆኖ ፊቱ ገና ገርጣ ያለ ከሆነ ያውጧቸው። ፊቱ እስኪቀላ የጠበቀ ሰው የደረቀ ኩኪስ ይበላል። ሲወጡ ልል ናቸው፤ አስር ደቂቃ በትሪው ላይ ሳይነኩ ሲቀመጡ ይጠነክራሉ። በመሐሉ መብራት ቢጠፋ ኦቨኑን አይክፈቱት፤ ግማሹ ጊዜ ካለፈ በኋላ ከሆነ በኦቨኑ ውስጥ የቀረው ሙቀት ብዙ ጊዜ ይጨርሳቸዋል፤ አምስት ስድስት ደቂቃ መጨመር ብቻ ይበቃል።

ኦቨን የሌለው ቤት ድፎ ዳቦ በሚጋገርበት ብልኃት፣ ማለትም ከታችም ከላይም እሳት በማድረግ መጋገር ይችላል። ወፍራም የብረት ድስት ወለሉን በታጠበና በደረቀ አሸዋ አንድ ጣት ያህል ይሸፍኑ፤ በላዩ ሦስት እኩል ጠጠሮች ጎልተው በከሰል ምድጃ ላይ ከድነው ለ10 ደቂቃ ያሙቁት። ኩኪሶቹን በድስቱ ውስጥ በሚገባ ትንሽ ትሪ ደርድረው በጠጠሮቹ ላይ ያስቀምጡ፤ ይክደኑና በክዳኑ ላይ አንድ ሁለት እፍኝ የሚሆን የጋመ ፍም በመጫሪያ ያድርጉ። ከታች ያለው ፍም ከላይኛው ያነሰ ይሁን፤ አለዚያ ፊቱ ሳይበስል ታቹ ያርራል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል፤ በ15ኛው ደቂቃ አንድ ጊዜ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። እንዳይጣበቅ የተቀባ ድስት ባዶውን ሲግል ስለሚበላሽ ለዚህ አይሆንም። ሥራው በደጅ ወይም በሩና መስኮቱ በተከፈተ ማድ ቤት ይሁን፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ሰው ይገድላል።

ጉድለት ሲታይ

ኩኪሱ ፊቱ ተሰነጣጥቆ ቴምሩ ከታየ፣ ሊጡ ደርቋል ወይም እሳቱ በርትቷል፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ ይጨምሩ፣ ሙቀቱንም በ10 ዲግሪ ይቀንሱ። ስፌቱ በታች ተከፍቶ መሙያው ከፈሰሰ መሙያው ቀጥኖ ወይም ሞቆ ነው የገባው። ቅርፊቱ ከጠነከረ ታሽቷል። ቅርፊቱ ዘይት ዘይት ካለና ከተንጣለለ ደግሞ ሊጡ ሙቀት አግኝቶት ነበር ወይም ዱቄቱ ሲለካ ጎድሏል። ከመላው ሥራ በፊት አንድ ኩኪስ ብቻውን ጋግሮ ማየት አስራ ስምንት ደቂቃ ያስወጣል፤ ሃያ ሦስቱን ያድናል።

አቀማመጥ

ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዙ አይክደኗቸው፤ በዕቃው ውስጥ የሚታፈነው እንፋሎት ቅርፊቱን ያረጥበዋል። የቴምሩ ኩኪስ በሚገባ በሚገጥም ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አሥር ቀን ያህል ይቆያል፤ የማንጎው ማርማላታ እርጥበቱ ስለሚበልጥ ከሦስት እስከ አራት ቀን ውስጥ ቢበላ ይሻላል። በተጋገረ በማግሥቱ የቴምሩ ልስላሴ ወደ ቅርፊቱ ጥቂት ስለሚሰርግ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይጣፍጣል፤ እንግዳ የሚጠበቅ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት መጋገሩን እመክራለሁ። ክረምት ላይ ከጣና በኩል የሚመጣው አየር እርጥበት ስለሚያበዛ፣ ዕቃው በተከፈተ ቁጥር ኩኪሱ ይለሰልሳል። በዚህ ጊዜ በ150 ዲግሪ ኦቨን ወይም በሞቀ ደረቅ ድስት ውስጥ ለአምስት ደቂቃ አሙቆ ማቀዝቀዝ ቅርፊቱን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ ይህም አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግ፤ ሲደጋገም ቴምሩ ይደርቃል።